«ከትምህርት ቤት ላውጣው ወይስ ይቆይ?» ላለችን የሽንብጥ እናት

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። ባህር ዳር ሽንብጥ ነው የምኖረው፣ ትንሽ ሱቅ አለኝ። የ10 አመት ልጄ አራተኛ ክፍል ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ጠዋት ጠዋት ለቅሶ ነው። ከሱቅ ግን አይጠፋም፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ከአጎቱ ጋር ሀይቅ ወርዶ የጀልባ ሞተር ሲፈታታ ይውላል፣ እዛ ሲሆን ሌላ ልጅ ነው። ካናዳ ያለችው እህቴ ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም፣ አንስኩሊንግ ይባላል፣ ከኑሮ ነው የሚማሩት፣ አንቺም አውጪው ትለኛለች። አባቱ አይሆንም ብሏል። እኔ ማወቅ የምፈልገው እንደዚ ያደጉ ልጆች ራሳቸው ምን ይላሉ? አድጎ አንቺ ነሽ ያበላሸሽኝ ቢለኝስ? የ7 አመት እህቱም እኔም እንደሱ ማለት ጀምራለች።»

ምላሽ፦

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ለምን መሰለሽ፣ በዚህ ጉዳይ የሚጽፍልኝ ወላጅ አብዛኛው የሚጠይቀኝ «ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል ወይ» ወይም «ከእኩዮቹ ወደ ኋላ አይቀርም ወይ» ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ምን ይላሉ ያለኝ ሰው ግን አንቺን ጨምሮ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፣ ወደ ህጻናት ሳይኮሎጂ የገባሁት ከዛ በኋላ ነው፣ እና እዚሁ ባህር ዳር ስሰራ ትምህርት ቤት የማይሄዱ በጣም የተለያዩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ወላጅ አስቦበት ያስቀራቸው አሉ፣ ችግር ያስቀራቸው አሉ፣ ባለፉት አመታት ደሞ በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው አሉ። ሶስቱም «ቤት ነው የምውለው» ይሉሻል፣ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። ስለዚ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። አንስኩሊንግ የሚለውን ቃል በፈረንጆቹ 1977 ያመጣው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ አስተማሪ ነው። ሰውየው ለአመታት ክፍል ውስጥ አስተምሮ ያየው ነገር ልጆቹ ትምህርቱን ሳይሆን አስተማሪው የሚፈልገውን መልስ መገመት ነው የሚማሩት የሚል ነበር፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ እንዲስተካከል ታገለ፣ በኋላ ተስፋ ቆረጠና ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቤት ቢቀሩ ይሻላል ወደሚለው ሄደ። ከሆምስኩሊንግ የሚለየው ሆምስኩሊንግ ላይ ካሪኩለሙም ሰአቱም አለ፣ ቤት ገባ እንጂ ትምህርት ቤት ነው፣ አንስኩሊንግ ግን ልጁ የጓጓበትን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚች ጋ ነው፤ ልጁን ለቀቅ ማድረግ ይመስለዋል። አይደለም፣ እንደውም ወላጁ ላይ ስራው ይበዛል። ልጁ አሳው ለምን ከውሃ ሲወጣ ይሞታል ካለሽ ጥያቄውን ይዘሽ አብረሽው ትወርጂያለሽ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ትፈልጊያለሽ፣ የሚነበብ ታመጪያለሽ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ስሙ ሌላ ነው የሚሆነው። እግረ መንገዴን፣ ህጉም በየሀገሩ ይለያያል፣ ካናዳ በየፕሮቪንሱ የራሱ ደንብ አለው፣ ጀርመን ደሞ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ጨርሶ አይፈቀድም፣ ስለዚ እህትሽ የምታደርገው እዛ ስለተመቸ እዚም ይመቻል ማለት አይደለም።

አሁን ወደጠየቅሽኝ። ፒተር ግሬይ የሚባል ሳይኮሎጂስት ከጂና ራይሊ ጋር ሆኖ እንደዚ ያደጉና አሁን ትልቅ ሰው የሆኑ 75 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከ75ቱ 72ቱ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ነው ያሉት፣ 83 ፐርሰንቱ ደሞ በሆነ መልኩ ከፍተኛ ትምህርት ቀጥለዋል። እህትሽ ይሄን ሳትሰማ አትቀርም። ግን ሁለት ነገር አብረሽ ያዢልኝ። አንደኛ መልስ የሰጡት በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ የተጎዳና ነገሩን ማስታወስ የማይፈልግ ሰው እንደዚ አይነት ጥያቄ ሊሞላ አይመጣም፣ ስለዚ ቁጥሩ የሁሉንም ልጅ ድምጽ አያሳይሽም። ሁለተኛው ለኔ ከቁጥሩ የሚበልጥብኝ ሶስቱ የተቃወሙት ሰዎች ያሉት ነው። እነሱ ያማረሩት ሂሳብ አልተማርኩም ብለው አይደለም፣ ከሰው ተነጥለን ነው ያደግነው ነው ያሉት፣ እናት በአእምሮ ጤና ችግር የምትሰቃይበት፣ አባት በልጁ ህይወት ውስጥ የሌለበት ቤት ነበር። በጥቅሉ የተደሰቱትም ቢሆኑ የሚጠሉት ምን እንደነበር ሲጠየቁ በብዛት ያነሱት የሰው ትችትና ሁሌ ራስን ማስረዳት ነው፣ ቀጥሎ የእኩያ ማጣት። የወደዱት ደሞ ጊዜያቸው የራሳቸው መሆኑን፣ የጀመሩትን ነገር ደወል ሳያቋርጣቸው እስከጥግ መሄድ መቻላቸውን ነው።

እዚ ከተማ ያገኘኋት አንዲት ልጅ ይሄንኑ በራሷ ቋንቋ ነግራኛለች፣ በቤተሰቧ ፈቃድ ነው የምጽፈው፣ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገርም ቀይሬያለሁ። 12 አመቷ ነበር፣ ቤተሰቧ ውጪ ቆይቶ የተመለሰ ነው፣ እዛ በአንስኩሊንግ ነበር ያሳደጓት፣ ባህር ዳር ከመጡም በኋላ ቀጠሉበት። ስለ ቤት ውሎዋ ስጠይቃት ፊቷ በራ፣ «ጠዋት ማንም አያጣድፈኝም፣ ከእማዬ ጋር ገበያ ስንሄድ በርበሬ እኔ ነኝ የምመርጠው፣ ማታ ደሞ አባዬ እስኪተኛ ድረስ እናነባለን» አለችኝ። የማትወጂውስ ስላት ዝም ብላ ቆየችና «አራት ሰአት ላይ ሰፈሩ ዝም ይላል» አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ትምህርት ቤት ገብተዋላ። ለካ ከዘጠኝ ሰአት ጀምሮ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ዩኒፎርም የለበሱት እስኪመለሱ ትጠብቃለች፣ የየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው ቀለም እንደሆነ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚለቅ በቃሏ ታውቀዋለች። ሌላው የነገረችኝ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ጎረቤቱም፣ ቤተክርስቲያን የሚያገኟት እናቶችም ሁሉ የሚጠይቋት አንድ ጥያቄ ነው፣ «ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ ቆንጆ?» አንዳንዴ አምስተኛ ትላለች አንዳንዴ ስድስተኛ፣ እንደመጣላት። «ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ ግን ሌላ መልስ የለኝም» አለችኝ። ይቺ ልጅ ማንበብም ማሰብም ከእድሜዋ በላይ ነበረች። የጎደላት እዛ ሀገር የነበረው ነገር ነው፤ እዛ እንደሷ ያሉ ልጆች በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን እየተገናኙ አብረው ይውሉ ነበር፣ እዚ ግን በሰፈሩ እሷ ብቻ ናት። ካናዳ ያለችው እህትሽም ምናልባት የማትነግርሽ፣ ለሷ እንደአየር ስለሆነ የማይታያት፣ ይሄ ሊሆን ይችላል። ልጆቿ በሳምንት ስንት ቀን ከማን ጋር እንደሚውሉ ጠይቂያት።

ሁለተኛውን ልጅ ያገኘሁት ጣና ዳር ነው፣ 11 አመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው፣ መርጦ ሳይሆን ቤት ስላልቻለ። አያቱ ጎን ተቀምጦ ደንገል የሚባለውን የሀይቅ ዳር ተክል ያስራል፣ ታንክዋ፣ የደንገል ጀልባ ማለት ነው፣ እየሰሩ ነው። እግሩን በጥቅሉ ላይ አስደግፎ ገመዱን ሲስበው ጥርሱን ነክሶ ነው፣ ላላ ያለችውን በጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋታል፣ ሲያገኛት እንደገና ፈትቶ ያጠብቃታል፣ አያቱ አንዴም አልተናገሩትም። ለምን ደረቁን ትመርጣለህ አልኩት፣ «እርጥቡ ከባድ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ የመጣ ደንገል ምን ይሸከማል» አለኝ። ታንክዋዋ ራሷ ከሀይቅ ስትመለስ ካልተሰጣችና ካልደረቀች ውሃ ትጠጣለች፣ ወራት ነው የምትቆየው። መቼ ነው የምትወጡት ስለው ገና ሳይነጋ፣ ንፋሱ ከሰአት ስለሚነሳ ቀድሞ መመለስ አለበት አለ፣ ከአሳዎቹ ቀረሶ የት አምባዛ የት እንደሚገኝ ነገረኝ። ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየኩት፣ ምን ምን ታውቃለህ? «እኔ? እኔ እኮ አልተማርኩም፣ ምንም አላውቅም።»

እህቴ፣ ያቺ መልስ እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም። ሁለቱም ልጆች ከኑሮ ነው የሚማሩት፣ አንዷ ቤት ግን ገበያው ትምህርት ይባላል፣ ሌላው ቤት አንድ ሙሉ ጥበብ ምንም ይባላል። ልጅ የሚያውቀውን ነገር እውቀት ነው ብሎ ስም የሚሰጥለት አዋቂ ከሌለ እሱም አይቆጥረውም። ልጆች ስለዚ ጉዳይ ምን ይላሉ ላልሽኝ ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ ዋናው ይሄ ነው፤ ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቱ ብቻ አይደለም የሚወስነው፣ የሚያውቀውን የሚያይለት ሰው መኖሩና አብሮት የሚያድግ እኩያ መኖሩ ነው።

የአንቺ ልጅ ደሞ ሱቅ አለው፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1985 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ቴሬዚንያ ኑኔስና ባልደረቦቿ ብራዚል ሬሲፌ ከተማ ጎዳና ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን፣ እድሜያቸው ከ9 እስከ 15፣ ገዢ መስለው ሄደው ሂሳብ አሰሯቸው። 98 ፐርሰንቱን በትክክል መለሱ። ከዛ ያንኑ አይነት ሂሳብ በወረቀት እንደ ትምህርት ቤት ሲሰጧቸው 37 ፐርሰንት ነው ያገኙት። አንዱ የ12 አመት ልጅ ኮኮናት አንዱን በ35 ይሸጣል፣ አራት ስትለው ሶስቱ 105 ነው፣ 30 ስጨምርበት 135፣ አንዱ 35 ስለሆነ 140 አለ። ልክ ነው። ያንኑ 35 ሲባዛ 4 በወረቀት ሲሰጠው 200 ጻፈ! አራት ጊዜ አምስት ሃያ፣ ዜሮ ጽፎ ሁለት ያዘ፣ የያዘውን ሁለት ከሶስቱ ጋር ደምሮ አምስት አደረገና በአራት አባዛው። ገበያ ላይ 200 ቢል ገዢው ይጮህበታል፣ ራሱም አይቀበለውም፣ ወረቀት ላይ ግን ቁጥሩ ኮኮናት መሆኑ ጠፋበት። በ2025 ደሞ ኢኮኖሚስቶቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ያሉበት ቡድን ህንድ ውስጥ በብዙ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ ገበያ ላይ የሚሰሩት በቃል አሪፍ አድርገው ያሰላሉ ግን የክፍሉ ሂሳብ ይከብዳቸዋል፣ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሄዱት ደሞ የክፍሉን ይሰራሉ ገበያ ላይ ግን ይደናበራሉ። ይሄ ለእህትሽም ለባልሽም መልስ አለው ብዬ አስባለሁ። ኑሮ ያስተምራል፣ በደንብ ያስተምራል፣ ግን የኑሮው ሂሳብ ብቻውን ተራምዶ ደብተር ላይ አይወጣም፣ የደብተሩም ብቻውን ሱቅ አይወርድም። አሻጋሪ ሰው ይፈልጋል።

አሻጋሪ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ዱቤ ደብተርሽን ስጪው፣ የወር መጨረሻ ላይ የአንዱን ደንበኛ ሂሳብ እሱ ይደምር፣ ግን በቃል ከነገረሽ በኋላ «እንዴት እንዳሰብከው እስኪ ጻፈው» በይው። ጻፈው ስትይው ይከብደዋል፣ ያቺ መክበድ ናት ትምህርቱ። ሀይቅ ላይም እንደዚሁ፣ የአጎቱ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ከሆነ፣ ብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ነው፣ እንግዲህ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሆን ዘይቱ ስንት ይሁን? 400 ሚሊ ሊትር። አራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ የሚያለቅስ ልጅ እዚ ላይ አያለቅስም፣ ምክንያቱም ከተሳሳተ ካንዴላው፣ ብልጭታ የሚሰጠው ማለት ነው፣ እንደሚጠቁር ወይም ሞተሩ ነክሶ እንደሚቆም አይቷል። አጎቱ ዝም ብሎ በአይን ግምት የሚጨምር ከሆነ ንገሪው፣ ልጁ ይለካ፣ ይጻፍ፣ ጀሪካኑ ላይ በማርከር ምልክት ያድርግ።

አንዳንዱ ወላጅ ይሄን ስነግረው የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። እኛ ጎጃም ላይ ያደግን ሰዎች ይሄ ሊያስገርመን አይገባም ነበር። የቆሎ ተማሪውን አስቢው፣ ክፍል የለው፣ ወንበር የለው፣ ካርድ የለው፣ ዛፍ ስር ተቀምጦ ከፊደል ንባብ፣ ከንባብ ዳዊት፣ ከዛ ዜማው ቅኔው፣ ትልቁ ተማሪ ትንሹን እያስጠና ነው የሚያድገው። ግን ልብ በይ፣ ያ ልጅ ብቻውን አልነበረም፣ ጓደኞቹ አብረውት ይለምናሉ አብረውት ያድራሉ፣ ደሞ «የት ደረስክ?» ሲባል መልስ ነበረው፣ ዳዊት ደግሜያለሁ ካለ ሰፈሩ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያቺ የ12 አመት ልጅ ያጣችው ይሄን ነው። የቤት ስራችንም እንደዛው ነው፣ ባርባራ ሮጎፍ የምትባል ተመራማሪ ጓቲማላ የማያ ቤተሰቦች ውስጥ ያጠናችው ነገር እኛ ቤት በየቀኑ የምናየው ነው፤ ልጁን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው የለም፣ ከትልልቆቹ ጎን ሆኖ እያየ በትንሹ እየገባ ነው የሚለምደው፣ ለሱ ያልተነገረውን ነገር ሳይቀር ሌላው ሲሰራ አይቶ ይይዛል። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ጎኗ ቆማ ስታይ የነበረች ልጅ አንድ ቀን ሊጡን ስትሰጣት ማን አስተማረሽ ይባላል እንዴ።

እሺ፣ አሁን ወደ ልጅሽ። ቅር እንዳይልሽ እንጂ «ትምህርት ቤት አልሄድም» እና «ከኑሮ ልማር» አንድ አረፍተ ነገር አይደሉም። ሁለተኛውን ያልሽው አንቺና እህትሽ ናችሁ፣ እሱ ያለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደሞ ከጥቅምት ጀምሮ ነው ያልሽኝ፣ መስከረም ላይ እሺ ብሎ ገብቷል፣ ስለዚ ጥቅምት ላይ የሆነ ነገር አለ። ልጅን «ለምን አትሄድም» ካልሽው «ዝም ብዬ» ነው መልሱ፣ ምክንያቱም ለምን የሚለው ጥያቄ ለትልቅም ሰው ይከብዳል፣ ልጅ ደሞ እንደክስ ይሰማዋል። ይልቅ ትንንሹን ጠይቂው፣ ከግቢው በር ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ማንን ነው፣ ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው፣ እረፍት ላይ የት ነው የምትቆመው፣ ሽንት ቤት ትገባለህ ወይስ ቤት እስክትመጣ ትይዘዋለህ፣ ከአምስቱ ቀን የትኛው ይሻላል። አንድ ልጅ እንደዚሁ አልሄድም ብሎ እናቱ ይዛው መጣች፣ ሰነፍ ነው ተብሎ ነበር። የቀኖቹን ጥያቄ ስጠይቀው ማክሰኞና ሀሙስ ሆነ፣ ማክሰኞና ሀሙስ እንግሊዝኛ መምህሩ ከብላክቦርድ እያስነሳ ጮክ ብላችሁ አንብቡ የሚልበት ቀን ነው፣ ልጁ ደሞ ብላክቦርዱ አይታየውም ነበር፣ አይኑ ነው ችግሩ። የማይታየውን አንብብ ሲባል ክፍሉ ይስቅበታል፣ መቼ ይሄዳል። መነጽር ሲደረግለት ሁሉም ነገር በአንዴ አልተስተካከለም፣ መሳቁ ጥሎበት የሄደው ነገር ጊዜ ወሰደ፣ ግን ሄደ። ያንቺው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዱላ ሊሆን ይችላል፣ የሚያስቸግረው ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ማንበብ ሲከብደው ደብቆት ሊሆን ይችላል፣ የሞተር ጭንቅላት ኖሯቸው ፊደል ላይ የሚቸገሩ ልጆች አሉ። ዱላ ከሆነ ወይም የሚያዋርደው ሰው ካለ በዛው ሳምንት ከክፍል ሃላፊውና ከዳይሬክተሩ ጋር ቁጭ በይ፣ ካልተስተካከለ ቀይሪው፣ ልጅን ወደሚመታበት ቦታ እያለቀሰ መላክ የለብሽም።

መስማቱ ደሞ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1991 የተቀበለችው የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ላይ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሀሳቡን የመግለጽና እንደ እድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው መብት አለው ይላል። ክብደት ይሰጠው ነው የሚለው፣ እሱ ይወስን አይደለም። 10 አመት ልጅ ላይ «አንተ ወስን» ብሎ መጣልም ጭካኔ ነው፣ ነገሩ ካልሰራ ጥፋቱን ተሸክሞት ያድጋል።

የኔን አቋም ከጠየቅሽኝ፣ ግልጽ አድርጌ ልናገር፣ አሁን አታውጪው። ምክንያቴ አንስኩሊንግን ስለምቃወም አይደለም፣ ያየኋቸው አንዳንድ ቤቶች ላይ የሚያስቀና ነው። ግን አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ነሽ፣ አባቱ አላመነበትም፣ በሰፈሩ እንደሱ የሚውል ሌላ ልጅ የለም፣ አልሄድም ያለበትን ምክንያትም ገና አላወቅሽም። በዚህ ላይ ብታወጪው አንስኩሊንግ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ የሚውል ልጅ ነው የሚሆነው። በነገራችን ላይ እሱን የምትለይበት ቀላል መንገድ አለ፣ እሱ አንድ ቀን ቢቀር ሱቁ ላይ ስራ የሚጎድል ከሆነ ልጁ እየተማረ ሳይሆን እየሰራ ነው። ወረቀቱም አለ፣ እዚ ሀገር ነገ ልመልሰው ብትዪ ካርድ ይጠየቃል፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ የ12ኛው አለ፣ የት ክፍል እንደሚመድቡት፣ መመዘኛ ፈተና ይሰጡት እንደሆነ አስቀድመሽ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽህፈት ቤት ሄደሽ በአካል ጠይቂ፣ የሰፈር ወሬ ላይ አትመስርቺ።

እስከዛው ግን ግማሹን ማድረግ ትችያለሽ፣ ግማሹ ትንሽ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጥናት ምናምን እያሉ ከማጣደፍ አንድ ሰአት የራሱ ይሁን፣ ሀይቁን ለቅጣት አትጠቀሚበት፣ «ካልሄድክ ቅዳሜ ጀልባ የለም» ማለት ልጁ አንድ አለሁበት የሚለውን ቦታ መንጠቅ ነው። አንድ ደብተር ግዢለት፣ የሞተሩን ክፍሎች ይሳልበት፣ ዛሬ ምን ፈታን ምን ገጠምን ይጻፍበት፣ ያንን ደብተር ለክፍል ሃላፊው አሳዪ፣ አንድ ቀን ክፍሉ ፊት ካንዴላ ምን እንደሚሰራ እንዲያስረዳ ቢፈቅዱለት ስንት ነገር ሊቀየር እንደሚችል አይቻለሁ። አባቱንም ለክርክር ሳይሆን ቅዳሜ አንድ ቀን ሀይቅ ወርዶ ልጁን እንዲያየው ጋብዢው፣ ብዙ አባት ልጁ አንድ ነገር ሲችል አይቶት አያውቅም፣ የሚያየው ካርዱን ነው።

ወደፊት ሁኔታው ከተመቸ፣ ማለትም ሁለት ሶስት ቤተሰብ ሆናችሁ ልጆቹ አብረው የሚውሉ ከሆነ፣ ከእነሱ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚሆን የሚያነብ ትልቅ ሰው ካለ፣ ልጁም ያለ እርዳታ አማርኛውን አቀላጥፎ ካነበበ፣ ያኔ እንደገና እናውራበት። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች መጀመሪያ ላይ ለሳምንታት ምንም ነገር አይሰሩም፣ ስልክና ቲቪ ነው፣ የአንስኩሊንግ ወላጆች ለእያንዳንዱ የትምህርት ቤት አመት አንድ ወር እንደዛ ስጡት ይላሉ፣ አራት አመት ለተማረ ልጅ አራት ወር ማለት ነው። አባቱ ያንን አራት ወር ይችለዋል?

አንድ ነገር ደሞ ሳልል አላልፍም። በ2012 መጋቢት ኮቪድ ሲመጣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከዛም በኋላ በግጭቱ ስንት ልጅ ቤት ሲቀር ያነጋገርኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ስለ ትምህርት ቤት የሚያወሩት በናፍቆት ነው፣ ትምህርቱን ሳይሆን ወረፋውን፣ እረፍቱን፣ አብረውት የሚቀመጡትን ልጅ። አንዱ «ደብተሬን አውጥቼ አሸተዋለሁ» ብሎኛል። ልጅሽ ቢያንስ በሩ ክፍት ሆኖ ነው አልገባም የሚለው፣ በሩ ተዘግቶባቸው የሚያለቅሱት እዚሁ አጠገባችን ናቸው፣ ይሄን የምልሽ የሱን ለቅሶ ለማሳነስ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ለልጅ ምን እንደሚይዝለት ሁሉንም ገጽ እንድታዪው ነው።

ሀይቁ ላይ፣ ላይፍ ጃኬት በልኩ ይሁን፣ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ሞተሩ ሲነሳ እጁ ከፕሮፔለሩ ይራቅ፣ ቤንዚን በአፉ እንዳይስብ ንገሪው፣ ይሄን ጀልባ ሰፈር ልጆች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ዳር ዳሩን በባዶ እግር ውሃ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ ደሞ ጣና ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጤና ጣቢያ አንዴ አስመርምሪው።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽኝ ቢለኝስ» ላልሽው፣ እኔ ጋ ከመጡት ልጆች የምሰማው ቂም ውሳኔው ላይ አይደለም፣ ሳይጠየቁ በመወሰኑ ላይና ሲከፋቸው የሚሰማ ባለመኖሩ ላይ ነው። ትምህርት ቤት በግድ ስለላኩት የሚወቅስም አለ፣ ስላስቀሩት የሚወቅስም አለ። አንዲት አሁን ዩኒቨርሲቲ ያለች ልጅ ስለ እናቷ «ተሳስታ ነበር ግን በየአመቱ ቁጭ ብላ ትጠይቀኝ ነበር» ብላኛለች፣ አሁንም በየቀኑ ይደዋወላሉ።

ትንሿ ልጅሽ ደሞ እኔም እንደሱ የምትለው ትምህርት ቤት ጠልታ አይመስለኝም። ወንድሟ ሲያለቅስ ቤቱ ሁሉ ዙሪያው ይሰበሰባል፣ ሱቅም ሀይቅም የሱ ነው፣ እሷ የምትጠይቀው ያንን ድርሻ ነው። በዚህ ቅዳሜ እሷንም ይዘሽ ውረጂ፣ ጀሪካኑን እሷ ትያዝ፣ እሱ ያስረዳት። ልጁን የምትጠይቂውም እዛው ይሁን፣ ጠዋት ዩኒፎርም ለብሶ ሳይሆን እጁ ግሪስ ነክቶ ሞተር ላይ ጎንበስ ባለበት፣ አይን ላይን ሳትተያዩ፣ ልጆች እንደዛ ሲሆን ነው የሚያወሩት። የነገረሽን ነገር ማታ ላይ ጻፊልኝ፣ ግን የሱን ቃል እንዳለ፣ ሳታስተካክዪው።